ቀን የሌለው ገጽ

ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ኢሜይሌን ስከፍት አንድ አጭር መልእክት ጠበቀኝ። የድረ ገጽህ ዓመት ሊያልቅ ነው፤ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ? ይላል። በየዓመቱ በዚሁ ወቅት ይመጣል። በዚህ ወቅት ጠዋት ጠዋት ከሐኪም ተራራ ላይ ጉም ይወርድና ሰፈሩን ለአንድ ሰዓት ያህል ውጦ ይይዘዋል። የጎረቤቴ የጊሽታ ዛፍ ከመስኮቴ አሥር እርምጃ አይርቅም፤ ያን ዕለት ግን የታየኝ ግማሹ ብቻ ነበር። በእንዲህ ያለ ጠዋት ሰው ምንም ነገር መወሰን የለበትም ብዬ ሻዬን ይዤ ወደ ውጭ እያየሁ ቆየሁ።

ዛሬ የጽሑፍ ሥራ የሚሰጡኝ ሰዎች በድረ ገጹ በኩል አይመጡም። ስልኬን ከሚያውቁት ሰው ተቀብለው ይደውላሉ። ብዘጋው የሚጎድልብኝ ነገር የለም። ግን እዚያ ውስጥ አንድ ገጽ አለ፤ በሐረር ግንብ ውስጥ፣ ጀጎል ስላለ አንድ ቤት የጻፍኩት ነው። ስጽፈው ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በዚያ ገጽ የተነሣ የአንዲት ልጅ ትዳር ገና ሳይጀመር ሊፈርስ ደርሶ ነበር።

ያኔ ሸዋ በር አጠገብ ባለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። አባቴ ወታደር ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ቀረ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ ውጤት አልመጣልኝም። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ሁሉ ብቻዬን ነው የተማርኩት፤ ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጻሕፍትና ሰው በማይኖርበት ሰዓት በሱቁ ኮምፒውተር። ሥራዬ የሰው ጽሑፍ መተየብ ነበር። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የሠርግ ጥሪ። ባለጉዳዩ በቃሉ ይነግረኛል፣ እኔ የተዝረከረከውን ሳልነግረው እያቃናሁ እጽፋለሁ። አንድ ቀን በግ የጠፋበት ገበሬ ማመልከቻውን ሳነብለት ዝም ብሎ ከሰማኝ በኋላ፣ «በጉን አይተኸው ነበር እንዴ?» አለኝ። ያን ዕለት ወደ ቤት ስመለስ ዳገቱ ዳገት አልመስልህ አለኝ።

ድረ ገጽ የመክፈት ሐሳብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በየአገሩ ቤታቸው ተቀምጠው ለሆቴል፣ ለነጋዴ፣ ለድርጅት የሚጽፉ ሰዎች እንዳሉ አንብቤ ነበር። ደንበኞቻቸውን ፊት ለፊት አያውቋቸውም። ለእኔ ለዝምተኛው ይህ የገነት ኑሮ መሰለኝ። ክረምቱን ሙሉ ስሠራው ከርሜ በመስከረም ከፈትኩት። ከላይ ስሜ፣ ከሥሩ «ጥርት ያለ ጽሑፍ እጽፋለሁ» የሚል አንድ መስመር፣ ከሥሩ ስልኬ። በየጠዋቱ ስንት ሰው እንደገባ አያለሁ። ከቁጥሩ ላይ ራሴን ስቀንስ ባዶ ይቀራል።

የሱቁ ባለቤት ጋሽ ተካ ኮምፒውተር መክፈት እንኳ አይወዱም ነበር፤ ነገሩ ግን ቶሎ ገባቸው። «አቦ፣ ሱቅ ከፍተህ ዕቃ ሳትደረድር ነው እኮ የተቀመጥከው» አሉኝ። «ሰው ምኑን አይቶ ይግባ?»

እውነታቸውን ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ናሙና የተጻፈ ምክር እያደንኩ አነበብኩ። ሁለቱን ምክሮች እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም። አንደኛው፣ አንባቢው ቦታው ላይ የቆመ እስኪመስለው ድረስ ጻፍ ይላል። ሁለተኛው፣ በናሙናህ ላይ ቀን አታስቀምጥ ይላል፤ ቀን ያለበት ጽሑፍ ቶሎ ያረጃል፣ ቀን የሌለው ግን ሁልጊዜ የዛሬ ይመስላል። ሁለቱንም በደብተሬ ገልብጬ ከሥራቸው በቀይ አሰመርኩባቸው።

አዴ ሩቅያ ወደ ሱቁ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። በእኛ ከተማ ታላቅ ሴትን «አዴ» ብለን እንጠራለን። ጀጎል ውስጥ ከባለቤታቸው የቀረ የጥንት የሐረሪ ቤት ነበራቸው፤ ፎቅ ላይ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለእንግዳ ሊያከራዩ ፈልገው ማስታወቂያ ሊያስተይቡ ነው የመጡት። ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ዝናብ ይመታዋል አልኳቸው፤ ከፈቀዱልኝ ስለ ቤቱ ድረ ገጼ ላይ በነጻ እጽፋለሁ፣ እርስዎ እንግዳ ያገኛሉ፣ እኔ ናሙና አገኛለሁ። ብዙ ቃል በአንድ ጊዜ ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። አዴ ሩቅያ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ተመለከቱኝ። «ነጻ ነገር ይከብዳል» አሉ። «ቤቴ መጥተህ ትበላለህ፣ ትጠጣለህ። ያኔ እኩል እንሆናለን።»

ጀጎልን አውቀዋለሁ ብዬ አስብ ነበር። ሐረር ተወልጄ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ በአምስቱም በሮች ገብቻለሁ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉትን መተላለፊያዎች በጨለማም አልስታቸውም። ግን የማውቀው መንገዱንና ግንቡን ነበር። ከግቢ በር አልፌ የሐረሪ ቤት ውስጥ ገብቼ አላውቅም። የሰፈራችን ልጆች ጀጎል የሚገቡት ለገበያ ነው፤ ሐልዋ ገዝተን፣ ለውዝ ኪሳችን ሞልተን እንወጣለን። በየቤቱ ውስጥ ያለው ኑሮ ግን የራሱ ፊደል ነበረው፤ እኔ ያንን ፊደል አልቆጠርኩም።

መጀመሪያ ቀን ጫማዬን አውልቄ ስገባ ወለሉና መደቦቹ ሁሉ ቀይ ነበሩ። ከበር እስከ ጓዳ መደቡ እንደ ደረጃ ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ሁሉን ማየት እንዲያመቸኝ ብዬ ከፍ ያለውን መርጬ ተቀመጥኩ። አዴ ሩቅያ የሆጃውን ስኒ እንደያዙ ቆም አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ገና በመጀመሪያ ቀን የአባወራውን ቦታ ያዝክ?»

እንደ እሳት ለብልቦኝ ተነሣሁ። ለካ እያንዳንዱ መደብ የማን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ይህ የባል፣ ያ የሴቶች፣ ይህ የታላላቆች። እኔን ከበሩ ጎን ካለው ትንሹ መደብ ላይ አስቀመጡኝና ሆጃ ሰጡኝ፤ ከቡና ቅጠል የተፈላ፣ ወተትና ጨው ያለበት። ከማር ጋር ትኩስ ፈጢራ አስከተሉ። ደብተሬን በማር እንዳልነካ በሁለት ጣት ብቻ እየበላሁ ጻፍኩ።

ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላውን እዚያ አሳለፍኩ። ጥቅምት ነበር፤ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይ በበሩ ትገባና ወለሉ ላይ ትተኛለች፤ ከዚያ ቀስ እያለች የመጀመሪያውን መደብ ትወጣለች፣ ሁለተኛውን ትወጣለች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች አንድ በአንድ ታበራለች። ሲበሩ ቀለማቸው የሚሰማ ይመስለኝ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ማንም አያናግረኝም። ከውጭ የልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ይመጣል፣ ይርቃል። በሕይወቴ እንደዚያ ተረጋግቼ የተቀመጥኩበት ቦታ የለም።

የአዴ ሩቅያ ልጅ ነጃት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ጣቶቿ ላይ ጠመኔ እንዳለ ትመጣና የመደቦቹን ከፍታ በክር ስለካ የክሩን ጫፍ ትይዝልኛለች። «ብዙ ተማሪ አስተምሬያለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን ደርሶብኝ አያውቅም» ትላለች። በኋላ ይህን ታሪክ ያጫወትኳቸው ሰዎች ልጅቷን ወደሃት ነበር ይሉኛል። አይደለም። የወደድኩት ቤቱን ነው።

ሁሉንም ነገር እየጠየቅኩ ጻፍኩ። ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መደርደሪያዎች ስንት እንደሆኑ፣ የትኛው ሳህን ከየት እንደመጣ። ከበሩ በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ከግድግዳው በወጡ እንጨቶች ላይ አንድ የተጠቀለለ ምንጣፍ ነበር። ቀይ ነው፣ ጠርዙ ላይ ጥቁር ዘርፍ አለው። «ይህስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ነጃት ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጓዳ ገባች። አዴ ሩቅያ፣ «ምንጣፍ ነው» አሉ። እኔም ምንጣፍ ብዬ ጻፍኩ።

በመጨረሻው ቀን ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አዴ ሩቅያ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ሁለት ቦታ አረሙኝ። ምንጣፉ ጋ ስደርስ ዓይናቸውን ገለጡ። ጽሑፉ ረዝሟል፣ ምናልባት እሱን ባወጣው አልኳቸው።

«እሱማ ይግባ» አሉ። «እንዲያውም ቀደም አድርገው።»

ለጽሑፍ ጆሮ አላቸው ብዬ ተደነቅኩ። እውነትም ሰው ገብቶ ወደ ኋላ ዘወር ሲል የሚያየው መጀመሪያ ምንጣፉን ነው። ወደ መጀመሪያው አንቀጽ አመጣሁት። «ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ቀይ ምንጣፍ ተቀምጧል» ይላል፤ ከሥሩ የእሳቸው ስልክ አለ፣ ቀን የለም። በማግሥቱ ገጹን ከፈትኩት።

ያ ገጽ ከአንድ ስልክ ወደ ሌላ ስልክ ሄደ። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ የሐረር ልጅ የሐረርን ነገር ሲያገኝ አይዝም፣ ያቀብላል። የጎብኚዎቹ ቁጥር የሱቁን ኮምፒውተር ያበላሸሁት እስኪመስለኝ ድረስ ወጣ። ታኅሣሥ ላይ ሐዋሳ ውስጥ ማረፊያ ቤት የሚሠራ አንድ ሰው ጻፈልኝ። ሕንጻው በክረምቱ መግቢያ ያልቃል፤ ያኔ እንደዚያ ቤት አድርገህ የእኔን ጻፍልኝ አለ። የመጀመሪያው ደንበኛዬ ነበር። ጋሽ ተካ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ።

አዴ ሩቅያን ግን እንግዶች ይመጡላቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ይመጣሉ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ አልጋ ስለመያዙ የሚሉት ነገር አልነበረም። ከዚያ ጥቂት ወራት አለፉ፤ እኔም ቤቱን ከውጭ ብቻ እያየሁ አልፍ ነበር።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ነጃት ብቻዋን ወደ ሱቁ መጣች። ከትምህርት ቤት በቀጥታ የመጣች ይመስላል፤ ደብተሮች አቅፋለች። ጋሽ ተካ ፊቷን አይተው ወረቀት ልገዛ ብለው ወጡ። ተቀመጪ ብላት እንቢ አለች፣ ቆማ ነገረችኝ።

በሐረሪ ቤት ከበር በላይ የሚቀመጥ ጥቅል ምንጣፍ ለማጌጫ አይደለም። በቤቱ ውስጥ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ለሚመጣ ሰው ቃል ሳይወጣ የሚነገር ነገር ነው። ገጹን አንብበው የመጡት እንግዶች ስለ አልጋ አልጠየቁም፤ ሆጃቸውን ጠጥተው፣ ወደ በሩ አናት ቀና ብለው፣ የልጅቷን ነገር አነሡ። ከሦስት ቤት መጡ። ከመጡት መካከል አንዷ አዴ ሰኣዳ የሚባሉ የድሬዳዋ ሴት ነበሩ፤ ለወንድማቸው ልጅ ነው። የካቲት ላይ ቃል ተሰጣቸው፣ ምንጣፉም በፊታቸው ወረደ። አሁን አዴ ሰኣዳ ገጹን እንደገና ከፍተው ምንጣፉ ተሰቅሎ አግኝተውታል። ሩቅያ ለእኛ ቃል ሰጥታ ለሌላም በሯን ከፍታለች ብለው ሽማግሌዎቻቸውን ሊሰበስቡ ነው። ነጃት ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ደብተሮቹ ግን ከክንዷ እየተንሸራተቱ ነበር።

እጄ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ አልኳት።

«ብታጠፋው ሲነቃባቸው ደበቁት ይላሉ» አለች።

እናትሽ ለምን አያስረዱም? ስላት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ደስ የሚል ፈገግታ አልነበረም። «‹ቀደም አድርገው› ስትልህ ምን መሰለህ? ማስረዳት ከጀመረች ያ ምክሯም ይወጣል። ልጇን በስልክ ለገበያ አወጣች ሊባል ነው። ከዚያ ትሞታለች እንጂ አታስረዳም።» ወደ ሸዋ በር፣ ወደ ሚኒባሶቹ ጫጫታ ዞረች። «ሦስት ነበሩ የመጡት፤ የድሬውን ልጅ የመረጥኩት ራሴ ነኝ» አለች። ከዚያ ደብተሮቿን አስተካክላ ሄደች።

ለአንድ ሰዓት ያህል ገጹን ፊት ለፊቴ ከፍቼ ተቀመጥኩ። መደርደሪያዎቹን ሁለት ጊዜ ነበር የቆጠርኩት። የመደቦቹን ከፍታ በጣት አልተሳሳትኩም። የማላውቀውን አንዱን ነገር ግን «ምንጣፍ» ብዬ አልፌዋለሁ፤ በዚያ ላይ ቀኑን አውቄ ትቼዋለሁ። ምንጣፉ ከእንጨቱ ላይ ወርዷል፤ እኔ የጻፍኩት ግን አልወረደም።

በማግሥቱ ጠዋት ላፕቶፕና ደብተሬን ይዤ የድሬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። የጋሽ ተካ ላፕቶፕ ነው፤ ዕቃውን ሲሰጡኝ ምንም አልጠየቁኝም። ከጎኔ የተቀመጠ ሰውዬ የጫት እስር ጭኑ ላይ እንዳደረገ ከአወዳይ ጀምሮ ተኛ፤ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ራሱ ትከሻዬ ላይ ይወድቃል፣ እኔም አላነሣውም። ሐረማያ ሐይቅ ዳር ላሞች ውኃ ውስጥ ቆመው ነበር። ደንገጎ ስንደርስ መንገዱ ወደታች መጠምዘዝ ጀመረ፤ በየመታጠፊያው አየሩ አንድ ጋቢ እንደሚደረብበት ሰው እየሞቀ ሄደ። የምናገረውን ከሐረር ጀምሮ በቃሌ ስደረድር ነበር። ሙቀቱ ውስጥ ስንገባ ሁሉም ጠፋብኝ።

አዴ ሰኣዳ መጋላ ሰፈር፣ በግቢያቸው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ በሰፌድ ራሳቸውን እያራገቡ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወፈር ያሉ፣ መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሴት ናቸው። ስሜን ስነግራቸው ሰፌዱ ቆመ።

«የስልኩ ልጅ አንተ ነህ?»

ነኝ አልኳቸው። ቀዝቃዛ ውኃ አስመጡልኝና እስክጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ገጼን ከፍተው ፊቴ ላይ ያዙት።

«ይህን አይቼ ነው ሐረር የወጣሁት» አሉ። «ምንጣፍ አለ አለኝ፤ ሄድኩ፣ አለ። እውነተኛ ነው ብዬ አመንኩት። ቃል ስንቀበል ምንጣፉ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ባለፈው ሳምንት ልጃችን የሚያገባበትን ቤት ላሳያችሁ ብዬ ዘመድ ሰብስቤ ስከፍተው ተመልሶ ተሰቅሏል። ሰው ሁሉ አየ። አሁን ንገረኝ፣ ማን ሰቀለው?»

ማንም አልሰቀለውም አልኩ፤ ጥቅምት ላይ እንደጻፍኩት ነው ያለው።

«ጥቅምት የሚል የታለ?»

ደብተሬን አወጣሁ። ቀኑ በየገጹ አናት ላይ ነበር፤ ሰዓቱ እንኳ አለ። ሳያዩት በሰፌዱ ጫፍ መለሱት። «ደብተሩ ያንተ፣ እስክሪብቶው ያንተ። እኔ የጠየቅኩህ ስልኬ ላይ ያለውን ነው።»

ሌላ የማሳያቸው ነገር አልነበረኝም። ድረ ገጽ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳቸው እችል ነበር፤ አንዲት ያልገባቸው አሮጊት አድርጌ ላልፋቸው እችል ነበር። ግን የገባቸው እሳቸው ነበሩ። ገጹ የዛሬ እንዲመስል ሆኖ ነው የተሠራው፤ እሳቸውም የዛሬ ነው ብለው አነበቡት።

«ቀኑን ሆን ብዬ ነው የተውኩት» አልኩ። «ሁልጊዜ አዲስ እንዲመስል። ደንበኛ እንዲመጣልኝ ብዬ።»

«መጣልህ?»

«አንድ።»

«ለአንድ ሰው ብለህ» አሉና እንደገና ማራገብ ጀመሩ። ከኒሙ ላይ ትንንሽ ቅጠሎች ላፕቶፑ ላይ ይወድቃሉ፤ አንድ በአንድ አነሣኋቸው። ከዚያ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምንጣፉን ከሁሉ አስቀድመህ ጻፍ ያለህ ማነው?» ብለው ጠየቁኝ።

በልጅነቴ የጎደለ ነገር ተናግሬ ማደር አልችልም ነበር። እናቴ ገበያ ልካኝ ስመለስ የሽንኩርቱን ቁጥር ሳይቀር የምነግር ልጅ ነበርኩ። አዴ ሰኣዳ ከመነጽራቸው በላይ ይመለከቱኛል። በዚያች ቅጽበት ከሐረር ይዤው የመጣሁት ሁሉ፣ የነጃት ትዳርም የአዴ ሩቅያ ክብርም፣ በእኔ አፍ ላይ ነበር።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ውሸት አልነበረም። ሌላ አልጨመርኩም።

«እሺ» አሉ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ እያስቀመጡ። «ታዲያ ክፈተው ያን ዕቃህን። በሰው ፊት የተሰቀለ በሰው ፊት ነው የሚወርደው። ጻፍ።»

ላፕቶፑን ከፈትኩ። እየነገሩኝ ከገጹ ሥር ጻፍኩ፤ ይህ የተጻፈው በዚህ ቀን ነው፣ ምንጣፉም በዚህ ቀን ወርዷል። አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወርዷል ብቻ ካልክ ሰው የሞተ ይመስላል» አሉ። «በደስታ ወርዷል በል።» በደስታ የሚለውን ጨመርኩ። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበረ ሁለታችንም ስልካቸው ላይ አጎንብሰን ጠበቅን፤ ምናልባት አምስት ደቂቃ። መስመሩ ሲመጣ ጣታቸውን ከቃል ወደ ቃል እያስኬዱ በለሆሳስ አነበቡት። «አሁን ቤቱን መሰለ» አሉ።

ከዚያ እዚያው እያለሁ ለአዴ ሩቅያ ደወሉ። ስለ ገጹ አንዲት ቃል አላነሡም። ስለ ጤናቸው ጠየቁ፣ ስለ ሐረር ዝናብ ጠየቁ፣ ለሠርጉ ቅቤው ከየት ቢገዛ እንደሚሻል ተከራከሩ። ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ወደ እኔ እያዩ፣ «ልጁ እዚህ ነው፣ ምሳ ይበላል» አሉ። ጥቂት ሰሙና ሣቁ። «አይዞሽ፤ አፉ ጥብቅ ነው።»

እስከ ዛሬ ድረስ አዴ ሰኣዳ ምን ያህሉን ያውቁ እንደነበረ አላውቅም።

ከዒድ በኋላ ነጃት ተዳረች። ጥሪ ወረቀቱን እኔ ጻፍኩት፤ ነጃት ሦስት ጊዜ ካነበበችው በኋላ፣ «ቀን አለው?» ብላ ቀለደችብኝ። የሐዋሳው ሰው ግን ጠፋ። ከገጹ ሥር የተጻፈው ምንድነው ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ታሪኩን ጻፍኩለት፣ የእሱም ማረፊያ ቤት ላይ ቀን እንደማስቀምጥ ነገርኩት። የእኔ ቤት ሁልጊዜ አዲስ እንዲሆን ነው የምፈልገው ብሎ መለሰልኝ፤ ከዚያ በኋላ አልጻፈም። አዘንኩ። ሐዋሳን እስከ ዛሬ አላየኋትም። ነገር ግን በዚያው ዓመት ከጀጎል ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ ወደ ሱቁ መምጣት ጀመሩ። ምንጣፉን ያወረድከው አንተ ነህ? ይሉኛል፤ ከዚያ የሚያጽፉትን ነገር ይነግሩኛል።

ያንን ገጽ እንደ ናሙና ማየት ከተውኩ ቆየሁ። በየዓመቱ ክረምት መግቢያ ላይ ወደ ቤቱ እሄድ ነበር። ከበሩ ጎን ካለው ትንሹ መደብ ላይ ተቀምጬ የተለወጠውን አይና ከገጹ ሥር አንድ መስመር እጨምራለሁ፤ ከቀኑ ጋር። አንድ ሳህን ተሰብሯል። ወለሉ እንደገና ቀይ ተቀብቷል። የነጃት የመጀመሪያ ልጅ ሁለተኛውን መደብ በራሷ ወጥታለች። እነዚህ መስመሮች ዛሬ ከዋናው ጽሑፍ ይረዝማሉ፤ ዋናውን ስጽፍ የነበረኝ ችሎታ ደግሞ ሲታይ የሚያሳፍር ነው፣ «ውብ» የሚል ቃል ብቻ ስድስት ጊዜ አለበት። አላረምኩትም። ያን ጊዜ የጻፍኩት እንደዚያ ነው።

የዘንድሮው መልእክት በደረሰኝ ዕለት ጉሙ ሲገፈፍ ወደ ጀጎል ሄድኩ። በሩ በውጭ በኩል ተቆልፏል። የአዴ ሩቅያ ጉልበት መደቡን መውጣት እንቢ ካለ ሰንብቷል፤ ባለፈው ሚያዝያ ነጃት ወደ ድሬ ወስዳቸዋለች። ሰምቼ ነበር፤ ቁልፉን በዓይኔ ሳየው ግን ሌላ ነው። ግንቡን ተደግፌ ቆሜ ደወልኩላቸው። የዓመቱን መስመር ልጽፍ እንደመጣሁ፣ ምን ብዬ ልጻፍ? አልኳቸው።

ከኋላቸው የልጆች ጫጫታና የሚሽከረከር ማራገቢያ ይሰማል።

«ሄዳለች በል» አሉ። «ትመለሳለች ብለህ ግን እንዳትጽፍ። እሱን አላህ ነው የሚያውቀው።»

እቤት ተመልሼ «ይቀጥል» የሚለውን ተጫንኩ። ከዚያ ገጹን ከፍቼ ከሁሉም መስመሮች ሥር ጻፍኩ፤ በሩ ተቆልፏል፣ የቤቱ ባለቤት ወደ ድሬ ወርደዋል፣ ዘንድሮ ውስጡን አላየሁም። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም። ቀኑን አስቀመጥኩበት።